ከማነቅ በፊት «በቃ» ማለትን መልመድ፦ ብራዚሊያን ጂዩ ጂትሱ ሊጀምሩ ላሰቡ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የፍኖተ ሰላም ነዋሪና የ28 ዓመት መምህር ነኝ። ከዚህ በፊት ሦስት ዓመት ያህል ቴኳንዶ ሠርቻለሁ። አሁን ከአራት ጓደኞቼ ጋር ብራዚሊያን ጂዩ ጂትሱ ለመጀመር አስበናል። አሰልጣኝ ስላላገኘን ከዩቲዩብ እያየን በአንዱ ጓደኛችን ግቢ ልንለማመድ ነው። ታናሽ እህቴም መማር ትፈልጋለች። ከመጀመራችን በፊት ምን ማወቅ አለብን? ራስን ለመከላከልስ በእርግጥ ይጠቅማል?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። እኔ ባሕር ዳር የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስሆን፣ ይህንኑ ስፖርት ዘጠኝ ዓመት ያህል ተለማምጃለሁ፤ ጀማሪዎችንም አስጀምሬያለሁ። ያለ አሰልጣኝ አትጀምሩ ብዬ ነገሩን በአንድ መስመር መዝጋት እችል ነበር፤ ምክሩም ስሕተት ባልሆነ ነበር። ነገር ግን አምስት ወጣቶች ልባቸው ከተነሣሣ መጀመራቸው እንደማይቀር ስለማውቅ፣ ሳትጎዱ የምትጀምሩበትን መንገድ መጻፍ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በጎጃም ገጠር ላደገ ሰው ግብግብ አዲስ ነገር አይደለም። በእረኝነት ዘመናችን ከብቶቹ ሣር ሲግጡ እኛ ወገብ ለወገብ ተያይዘን እንታገል ነበር፤ ጠረባ የሚያውቅ ልጅም ከእሱ የሚበልጠውን ጥሎ ጀርባውን መሬት ካስነካ ጨዋታው በዚያው ያበቃል። ጂዩ ጂትሱ ግን በአብዛኛው የሚጀምረው ያ የእረኞች ትግል ከሚያበቃበት ቦታ ነው። በጀርባው የወደቀው ሰው ገና አልተሸነፈም፤ እግሮቹን በተጋጣሚው ወገብ ላይ ጠምጥሞ፣ እጅጌና ኮሌታ ይዞ፣ ከሥር ሆኖ ሊገለብጥ፣ ክርን ሊቆልፍ፣ ማለትም መገጣጠሚያውን ከሚችለው በላይ ሊዘረጋ፣ ወይም አንገት ይዞ ሊያንቅ ይችላል። ጀማሪ መጀመሪያ የሚቸገረው ይህን ለመቀበል ነው፤ ከሥር መሆንን እንደ ሽንፈት ስለሚቆጥረው ይደነግጣል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥም ጉልበቱን ይጨርሳል።

የስፖርቱ መነሻ ጁዶ የተባለው የጃፓን የትግል ስፖርት ነው። ጃፓናዊው የጁዶ ባለሙያ ሚትሱዮ ማኤዳ እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ደረሰ፤ በኋላም በቤሌም ከተማ ካርሎስ ግሬሲ የተባለ ወጣት ትምህርቱን ቀሰመ። ካርሎስና ታናሽ ወንድሙ ሄሊዮ የመሬት ላዩን ትግል አጥብቀው ያዙት፤ በተለይም ሄሊዮ ቀጭን ሰው ስለነበር ዘዴው ከጉልበት ይልቅ በአቀማመጥና በጊዜ ላይ እንዲመሠረት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1993 የሄሊዮ ልጅ ሮይስ በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ በተካሄደው፣ ልዩ ልዩ የትግል ስልቶች በሚጋጠሙበት የመጀመሪያው የዩኤፍሲ ውድድር ከእሱ የሚከብዱ ሦስት ሰዎችን በአንድ ምሽት ካሸነፈ በኋላ ስፖርቱ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። ስለ ታሪኩ ይህ ለአሁኑ ይበቃችኋል።

አሁን ዋና ወደምለው ነገር ልግባ። በዚህ ስፖርት ክርኑ ወይም ትከሻው የተቆለፈበት፣ ወይም አንገቱ የተያዘበት ሰው የተጋጣሚውን ገላ ወይም መሬቱን ደጋግሞ መታ መታ ያደርጋል፤ ያኔ የያዘው ሰው ወዲያውኑ ይለቃል። ታፕ ማድረግ የሚባለው ይህ ነው። በአማርኛ «እጅ መስጠት» ብለን ብንተረጉመው ግን ትልቅ ጉዳት እናደርሳለን። እጅ መስጠት በእኛ ዘንድ ከባድ ቃል ነው፤ እጅ ከመስጠት ሞትን የመረጡ ሰዎችን ታሪክ እየሰማን ስላደግን፣ ጓደኞቹ ፊት «እጅ ስጥ» የተባለ ወጣት ክርኑ ቢቀነጠስም ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ በግቢያችሁ ውስጥ ይህን ቃል ጨርሶ አትጠቀሙበት። «በቃ» በሉት። በቃ ማለት ቦታው ደርሷል፣ ገብቶኛል፣ ልቀቀኝና እንደገና እንጀምር ማለት ነው። በአንድ ልምምድ አሥር ጊዜ በቃ ያለ ሰው አሥር ጊዜ ተምሮ በሙሉ አካሉ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሄሊዮ ግሬሲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1951 በሪዮ ዴ ጄኔሮው የማራካና ስታዲየም ከታላቁ ጃፓናዊ የጁዶ ተጋዳይ ማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ገጥሞ ነበር። ኪሙራ ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ትከሻውን ቆለፈው፤ ሄሊዮ ግን በቃ ሊል አልፈቀደም፤ ግጥሚያውን ያስቆሙለት ከጎኑ የቆሙት የራሱ ወገኖች ናቸው። ያ የትከሻ ቁልፍ እስከ ዛሬ «ኪሙራ» ተብሎ ይጠራል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንደ ጀግንነት ይነገራል፤ እኔ ግን ለጀማሪዎች የምነግራቸው በሌላ ምክንያት ነው። ሄሊዮ ሕዝብ በሞላበት ስታዲየም የገጠመ፣ የሚያስቆምለት ወገን ከጎኑ የነበረው ሰው ነው። እናንተ ግን በግቢያችሁ ማክሰኞ ማታ ከጓደኛችሁ ጋር ስትለማመዱ የምታጡት የነገውን የሥራ ቀን ነው፤ አስተማሪ በተጎዳ ቀኝ እጁ ጠመኔ መያዝ አይችልም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ግራ ክርኔ ሲቆለፍ በቃ ለማለት ሁለት ሰከንድ ያህል ዘገየሁ። ክርን ከትከሻ ይለያል፤ ትከሻ ሲጠመዘዝ ቀስ እያለ የሚጨምር ሕመም ያስጠነቅቃል፣ ክርን ግን ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ በኋላ ገና ሕመሙ ሲሰማ ጅማቱ ለመበጠስ ይቃረባል። «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ማታውን አበጠ። የባሰው ስሕተቴ ግን በማግሥቱ የተፈጸመው ነው፤ ሙያዬ እያስተማረኝ ዘመዶቼን አክብሬ አንድ ወጌሻ ዘንድ ሄድሁና ያበጠው ክርኔ በኃይል ታሸ፣ ተጎተተም። ክርን ጉዳት ከደረሰበት በኋላ ገና ትኩስ ሳለ በኃይል ሲታሽ በጡንቻው ውስጥ አጥንት መሰል ነገር ሊያበቅልና ሊደርቅ የሚችል መገጣጠሚያ ነው፤ እኔም ክርኔን እንደ ልቤ ለማጠፍ አምስት ወር ፈጀብኝ። የወጌሾችን ልምድ የማቃልል ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም ገና የተጎዳና ያበጠ መገጣጠሚያ አይታሽም፣ አይጎተትም። ሥራ ማቆም፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለ15 ደቂቃ ያህል እየያዙ ማንሣት፣ በፋሻ ደገፍ ማድረግና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ የመጀመሪያ ርዳታው ነው። ቅርጹ ከተለወጠ፣ ከደነዘዘ፣ አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካቃተ፣ ወይም ክርኑ አልዘረጋ ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ሄዶ ራጅ መነሣት ያስፈልጋል።

አምስት መሆናችሁ ለደኅንነታችሁ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ሁለት ጥንድ ሲታገል አምስተኛው ሰው ተመልካች ይሁን፤ ሰዓት ይያዝ፣ ጥንዶቹ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ እርስ በርሳቸው ሲጠጉ ያስቁማቸው፣ ክርኑ የተዘረጋበት ሰው ዝም ካለም እሱ ራሱ «በቃ!» ይበል። የተመልካቹ በቃ እንደ ተያዘው ሰው በቃ መከበር አለበት። ምልክቶቹም አስቀድመው ይነገሩ፦ በእጅ መታ መታ ማድረግ፣ እጆች ከተያዙ መሬቱን በእግር መምታት፣ በአፍ በቃ ማለት፣ እንዲሁም ማንኛውም የሕመም ድምፅ። ቁልፍ የያዘ ሰው ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ወስዶ በዝግታ ይጫን፤ ፈጥኖ የሚነጥቅ ሰው ከልምምዱ ይውጣ። ይህን የምለው በጣም ቆርጬ ነው፤ ከአንድ ችኩል ጓደኛ የሚመጣው ጉዳት ከሌላው ሁሉ ይበልጣልና።

ከቪዲዮ የሚማሩ ሰዎች ትልቁ ችግራቸው የሚያምረውን መጀመራቸው ነው። እየዘለሉ አንገት የሚይዙትን፣ ተረከዝ የሚጠመዝዙትን ያያሉ፤ ከሥር የሚወጡበትን ግን ያልፉታል። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ለመውጣት ብቻ ስጡት። አንዱን ምሳሌ ቀረብ አድርጌ ላሳይ። በጀርባዎ ተኝተው ጓደኛዎ ሆድዎ ላይ ተፈናጥጦ ተቀምጧል እንበል። ማንም ጀማሪ የሚያደርገው ሁለት እጆቹን ቀጥ አድርጎ ደረቱን መግፋት ነው፤ ይህ ደግሞ ክርኑን ለቁልፍ አመቻችቶ ማቅረብ ነው። ይልቁንስ ክርኖችዎን ከጎድን አጥንትዎ ጋር ያጣብቁ። አንዱን እግር አጥፈው በውስጥ እግርዎ መሬቱን ይርገጡ፤ ዳሌዎን ወደ ላይ ገፍተው ጓደኛዎ ወደፊት ሲያዘነብልና እጆቹን መሬት ሲያስነካ ወዲያው ወደ ጎንዎ ይዙሩ። በጀርባ ሙሉ በሙሉ የተኛ ሰው አይንቀሳቀስም፤ በጎኑ የተኛ ግን ዳሌው ነፃ ነው። አሁን የታችኛው ክርንዎ የጓደኛዎን ጉልበት በውስጥ በኩል ይግፋ፣ ዳሌዎ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ኋላ ይሽሽ፤ በሚከፈተው ክፍተት የራስዎን ጉልበት አስገብተው በእግርዎ ይያዙት። እጅ አይደለም ሰውየውን የሚያነሣው፤ ዳሌ ነው የሚሸሸው። ይህን አንድ እንቅስቃሴ ጓደኛዎ ሳይታገል በግራና በቀኝ ሃያ ሃያ ጊዜ፣ ቀጥሎ በግማሽ ጉልበቱ እየተቃወመ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በሙሉ ጉልበት ይሥሩት። ቴኳንዶ የሠራ ሰው ዳሌው የላላ በመሆኑ እዚህ ላይ ይጠቀማል፤ የሚጎዳው ርቀት መጠበቅን መልመዱ ነው፣ ምክንያቱም በዚህ ስፖርት መጠጋት እንጂ መራቅ ብዙ ጊዜ አያድንም።

በሁለተኛው ወር ከጎን ተጭኖ ከያዘ ሰው ሥር መውጣትንና በእግር መከላከልን፣ በሦስተኛው በላይ ሆኖ ሳይወድቁ መቆየትን ጨምሩ። የትኛው አቀማመጥ ከየትኛው እንደሚበልጥ ለመረዳት የውድድሩን ነጥብ ማየት ይጠቅማል፦ ከቁመት መጣል፣ ከሥር ሆኖ መገልበጥና ጉልበትን ሆድ ላይ ማሳረፍ እያንዳንዳቸው 2 ነጥብ፣ የተጋጣሚን እግሮች አልፎ መያዝ 3፣ መፈናጠጥና ጀርባን መያዝ ደግሞ 4 ነጥብ ያሰጣሉ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየመካከሉ አንድ ቀን እያረፋችሁ፣ አንድ አንድ ሰዓት በቂ ነው።

ያለ አሰልጣኝ እስካላችሁ ድረስ ፈጽሞ የማትሞክሯቸው ነገሮችም አሉ። ተረከዝን ይዞ መጠምዘዝ አንዱ ነው፤ ጉልበት ሕመም ሳያሰማ ጅማቱ ሊበጠስ ስለሚችል በዓለም አቀፍ ውድድር ለነጭ ቀበቶ፣ ማለትም ለጀማሪዎች፣ የተከለከለ ነው። ዘልሎ የሰው ወገብ ላይ መጠምጠም፣ የተጋጣሚን እግሮች በሁለት እግር እንደ መቀስ ቆርጦ መጣል፣ የያዘን ሰው አንሥቶ መሬት ላይ መከስከስ፣ አንገትን መጠምዘዝም እንዲሁ ናቸው። ከቁመት መጣልን ሙሉ በሙሉ ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ጀምሩ። አወዳደቅን የሚያስተምር የጁዶ ወይም የነፃ ትግል አሰልጣኝ ባገኛችሁ ጊዜ ትቆማላችሁ።

ስለ ማነቅ ለብቻው መናገር አለብኝ። በትክክል የተያዘ አንገት አየር አይደለም የሚያጣው፤ በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮች ተጨፍነው ሰውየው በአሥር ሰከንድ አካባቢ ራሱን ይስታል። ሕመም ስለሌለው ብዙዎች ሳያውቁት ይዘገያሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንገት አትያዙ። በኋላም ስትጀምሩ እጃችሁን በቦታው አድርጋችሁ ሳትጫኑ ልቀቁ። አንድ ሰው ራሱን ከሳተ ወዲያው ለቃችሁ በጀርባው አስተኙት፣ መተንፈሱን ተመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰከንዶች ይነቃል፣ ነገር ግን በዚያ ቀን ወደ ልምምድ አይመለስም። ካልነቃ፣ ወይም በኋላ በሰዓታትም ሆነ በቀናት ውስጥ ከባድ የራስ ወይም የአንገት ሕመም፣ የዓይን ብዥታ፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአፍ መንተባተብ ከመጣ በአስቸኳይ ሆስፒታል ይወሰድ። የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ ወደ እግር የሚወርድ የዲስክ ሕመም ወይም የቆየ የትከሻ ውልቃት ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ አትታገል።

የግቢው ነገር አሳስቦኛል። ሲሚንቶ ላይ የተዘረጋ ምንጣፍ አይሆንም። የመኝታ ስፖንጅ ፍራሽ ደግሞ ከመጠን በላይ ይለሰልሳል፤ እግር ሰምጦ ሲቀር ገላ ይዞርና ጉልበት ይጠማዘዛል፣ በሁለት ፍራሽ መካከል ባለው ክፍተትም የእግር ጣት ይገባል። ለቴኳንዶ የሚነጠፈው ጥርስ ለጥርስ የሚገጣጠመው ጠንካራ ንጣፍ በጉልበት ተንበርክካችሁ ለምትጀምሩ ሰዎች ይሆናል፤ ከተቻለ ደርቡት፤ ላዩን በደንብ ተወጥሮ በታሰረ ሸራ ሸፍኑት። ከግድግዳ፣ ከድንጋይና ከበር ጫፍ በየአቅጣጫው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ክፍት ይሁን።

በጤና ጣቢያዎቻችን የማየው ሌላው ጉዳይ የቆዳ በሽታ ነው። ጭርት ከአንዱ ገላ ወደ ሌላው በዚህ ስፖርት ፈጥኖ ይተላለፋል፤ ክብ ሆኖ ዳሩ የቀላና የሚያሳክክ ነገር ያየ ሰው በጨርቅ ሸፍኖ አይምጣ፤ ሐኪም መድኃኒት ጀምሮለት እስኪፈቅድለት ይቆይ። የሚያመረቅዝ ቁስልም እንዲሁ። የለበሱትን ሳያጥቡ ደግሞ መልበስ፣ ፎጣ መዋዋስ፣ በባዶ እግር መጸዳጃ ቤት ደርሶ መመለስ አይገባም። ከየልምምዱ በኋላ ንጣፉን በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አራት የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምራችሁ አብሱት፤ አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ በንጹሕ ውኃ አልቅልቁት፣ በደንብም ይድረቅ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ደም ከታየ ሁሉም ይቁም፤ ሄፓታይተስ ቢ በደም እንደሚተላለፍ መርሳት የለብንም።

ጥፍር በየልምምዱ ዋዜማ ይቆረጥ። ቀለበት፣ ሰዓትና የጆሮ ጌጥ ይውለቅ። ማተብን በተመለከተ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ፤ ማተቡን አውልቅ ብዬ አንድም ሰው አልጠየቅሁም፣ አልጠይቅምም። ሆኖም ከብረት ወይም ከእንጨት የተሠራው መስቀል በትግል መካከል የጓደኛን ዓይን ሊወጋ ስለሚችል ለዚያ ሰዓት ብቻ ተፈትቶ በክብር ይቀመጥ፤ ክሩ ቀጭንና በቀላሉ የሚበጠስ ይሁን፣ ከገላ ጋር በሚጣበቅ ከነቴራ ሥርም ይግባ። ወፍራም ገመድ አንገት ላይ አስሮ መታገል አደገኛ ነው።

እህትዎ በደስታ ይጀምሩ። ከክብደት ይበልጥ አቀማመጥ የሚወስንበት ስፖርት በመሆኑ ለሴት የሚከብድ ነገር የለውም። ነገር ግን ገላ ለገላ የሚያጣብቅ ነውና ቢቻል ሌላ ሴት ጓደኛ ይዘው ይምጡ፤ ከማን ጋር እንደሚለማመዱ የሚመርጡት እርሳቸው ይሁኑ፤ ከአንድ ሰው ጋር አልሠራም ሲሉም ለምን ተብለው አይጠየቁ።

ራስን ለመከላከል ይጠቅማል ወይ ላሉት፣ አንድ ያልታጠቀ ሰው ይዞ ሊጥልዎ ሲመጣ በእጅጉ ይጠቅማል። ሁለት ሰው ሲመጣብዎ ወይም ተጋጣሚዎ ዱላ ይዞ ሲቆም ግን መሬት ላይ መያያዝ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው፤ ያኔ የሚጠቅመው ከሥር ፈጥኖ መነሣትና መሸሽ ነው። በእኛ አገር ጠብ ውስጥ ዱላ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ጊ የሚባለውን ወፍራም የጥጥ ልብስ አሁኑኑ አትግዙ፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ኪስና ዚፕ የሌለው ቁምጣና ጠበቅ ያለ ከነቴራ ይበቃል። ስለ ቀበቶም አትጨነቁ። የአዋቂዎች ቅደም ተከተሉ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማና ጥቁር ነው፤ ጥቁር ላይ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይወስዳል። ከቴኳንዶ የመጣ ሰው በየጥቂት ወሩ ፈተና ይጠብቃል፤ እዚህ ግን አንድ ሰው በነጭ ቀበቶ ሁለት ዓመት ቢቆይ ምንም ነውር የለውም። በሦስት ወር ቀበቶ እሰጣችኋለሁ፣ ይህን ያህል ክፈሉ የሚል ሰው ከመጣ አትቀበሉት።

በዐቢይ ጾም ወይም ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ልምምዱን ጾም ከተፈታ ከሁለት ሰዓት በኋላ አድርጉት፤ እስከ ከቀኑ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ከ11 ሰዓት በኋላ ማለት ነው። ውኃ ሳይጠጡ መታገል ለራስ ማዞርና ለጡንቻ ቁርጠት ይዳርጋል። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በደንብ የሚበላ ጾመኛ ለዚህ ስፖርት የሚሆን ጉልበት አያጣም፤ ሕማማትን ግን ዕረፉ።

ስትለማመዱ ስልካችሁን በአንድ ጥግ አቁማችሁ ራሳችሁን ቅረጹ፤ ያልገባችሁንም በደብተር መዝግቡት። ስድስት ወር ከሠራችሁ በኋላ ለበዓል ወይም ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከመካከላችሁ ሲኖር፣ ደብተሩንና ቪዲዮውን ይዞ ብቁ አሰልጣኝ ፈልጎ ሁለት ሦስት ቀን አብሮ ይለማመድ፤ ሲመለስም የታረመውን ለአራቱ ያሳያቸው። እስከዚያው ድረስ ንጣፉን ስታገኙ ፎቶግራፉን ይላኩልኝ፤ ውፍረቱንና የግቢውን ስፋት አይቼ ይበቃል ወይም አይበቃም እላችኋለሁ።